አቤቱታውን የማንፈርምበት ምክንያት

ሰሞኑን በተማሪዎች ማኅበር ጽሕፈት ቤት በር ላይ አንድ አቤቱታ ተለጥፎ ፈራሚ እየተጠራበት ነው። ነገሩ የሚመለከተው በሚመጣው ክረምት የስዋሂሊን ቋንቋ ለመማር ወደ ዛንዚባር የሚሄዱትን ጓደኞቻችንን ነው። እንደ ባለፈው ጊዜ ሁለት ሁለት እየሆኑ በሰው ቤት በሚያድሩበት ፈንታ፥ ሁሉም በአንድነት የሚኖሩበት ቤት እንዲከራይላቸው ይጠይቃል። እስከ ትናንት ማታ ድረስ 31 ሰዎች ፈርመዋል። ብዙዎቹ ወዳጆቻችን ናቸው፤ ጽሑፉን ያረቀቁትም ወደኛ መጥተው፥ «እናንተ ሄዳችሁ ያያችሁት ስለ ሆነ የናንተ ፊርማ ከሁሉ ይበልጥ ይጠቅመናል» አሉን።

እኛ አንፈርምም። የማንፈርምበትንም ምክንያት በሻይ ቤት ጠረጴዛ ዙሪያ ለያንዳንዱ ከምናስረዳ፥ በዚህ መጽሔት ላይ ለሁሉም በአንድ ጊዜ ብንናገረው ይሻላል ብለን ተነሣን። ግን ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር መናዘዝ ይገባናል። ይህን የመሰለ አቤቱታ መጀመሪያ የጻፍነው እኛው ነን። እዚያው ዛንዚባር በደረስን በ9ኛው ቀን በገዛ እጃችን ጽፈን ሰጥተናል። ዛሬ ለመናገር የምንደፍረውም የዚያን ወረቀት መጨረሻ ስላየን ነው።

በመጀመሪያ የአቤቱታውን አሳብ ሳናጣምም እናቅርበው። ሦስት ምክንያት አለው። አንደኛ፥ ምግቡ አይስማማም፤ ይልቁንም ለክርስቲያኑ ተማሪ የሥጋው ነገር ችግር ነው ይላል። ሁለተኛ፥ ለአካለ መጠን የደረሰ ተማሪ በሰው ቤት እንደ ሕፃን የመግቢያና የመውጫ ሰዓት ሊወሰንበት አይገባም ይላል። ሦስተኛ፥ የቤተ ሰብ ጫጫታ ለጥናት አያመችም፤ ቋንቋን ከአስተማሪና ከመጽሐፍ በጸጥታ መማር ይሻላል ይላል። ሦስቱም እውነትነት አላቸው። እኛ የምንቃወመው ምክንያቶቹን ሳይሆን ከነሱ የተወሰደውን መደምደሚያ ነው።

ወደዚያ የተላክንበትም ጉዳይ ቀላል አይደለም። የአፍሪቃ ኅብረት በ2022 መጀመሪያ በዚሁ በአዲስ አበባ ባደረገው ጉባኤ ስዋሂሊን ከሥራ ቋንቋዎቹ አንዱ አድርጎ ተቀብሏል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)። «ከተማችን የአፍሪቃ መዲና ናት» እያልን የምንኰራ ተማሪዎች፥ በአጠገባችን ሚሊዮኖች የሚነጋገሩበትን ይህን ቋንቋ አለማወቃችን ሊከነክነን ይገባል። ዛንዚባርም የተመረጠችው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1928 በሞምባሳ በተደረገው ጉባኤ ለጽሕፈትና ለትምህርት መደበኛ እንዲሆን የተመረጠው የስዋሂሊ አነጋገር የዛንዚባር ከተማ አነጋገር ነው። ስለዚህ ቋንቋውን ከምንጩ ልንቀዳ ሄድን።

ስድስት ነበርን፤ አራት ወንዶችና ሁለት ሴቶች። ሁለት ሁለት እየሆንን በሦስት ቤት ተደለደልን። ቤቶቹ አገር ጐብኚው ከሚጐርፍበት፥ በ2000 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበው ከድንጋዩ ከተማ ውስጥ አልነበሩም፤ ንጋምቦ በሚባለው ሰፊ ሰፈር ነበሩ። ንጋምቦ ማለት «ማዶ» ማለት ነው፤ ቀድሞ በድንጋዩ ከተማና በዚህ ሰፈር መካከል የባሕር ሰርጥ ይገባ ስለ ነበር ነው። እንግዲህ ባሕር ማዶ ሄደን ማዶ በሚባል ሰፈር ተቀመጥን ማለት ነው።

እኛ ሁለታችን የገባንበት ቤት ስምንት ነፍስ ነበረበት። በገበያ የጨርቅ ሱቅ ያላቸው አባት፥ ቤቱን የሚያስተዳድሩት እናት፥ ከጓዳው በር አጠገብ በምንጣፍ ላይ የማይጠፉት አሮጊት አያት፥ አምስት ልጆች። አባትን ባባ፥ እናትን ማማ፥ አያትን ቢቢ እንድንል በዚያው ማታ ተነገረን። ልጆቹም እኛን «ካካ» ይሉን ጀመር፤ ታላቅ ወንድም ማለት ነው። ይህ ቃል በአገራችን በሕፃናት አፍ ምን እንደሚባልበት አንባቢ ስለሚያውቀው፥ የመጀመሪያውን ሌሊት ትራሳችንን ነክሰን ስንስቅ አደርን።

ሌላው ነገር ግን ከጠበቅነው ይልቅ የኛ ሆኖ አገኘነው። ጫማ በር ላይ ይወልቃል። ምግብ በአንድ ትሪ ቀርቦ ሁሉም በቀኝ እጁ ይበላል። ወደ ሰው ቤት የሚገባ ከደጅ ሆኖ «ሆዲ!» ይላል፤ ከውስጥ «ካሪቡ!» እስኪባል ድረስ አይገባም፤ የኛ «ቤቶች!» ማለት ነው። ታናሽ ለታላቅ «ሺካሞ» ይላል፤ ትርጓሜው እግርዎን ያዝሁ እንደ ማለት ሲሆን፥ ታላቁም «ማራሃባ» ብሎ ይቀበላል። ጉልበት ስሞ ላደገ ልጅ ይህ አዲስ ትምህርት አይደለም። የሰዓቱ አቈጣጠር እንኳ እንደኛው ነው፤ ፀሐይ ከወጣች አንድ ሰዓት ሲሆን 1 ሰዓት ይላሉ። በክፍላችን የነበሩት አውሮፓውያን ተማሪዎች 6 ሰዓት እየቀነሱና እየጨመሩ ግራ ሲጋቡ፥ እኛ ሰዓታችንን ሳናስተካክል ተቀመጥን። ባሕርን ባሃሪ፥ ስኳርን ሱካሪ፥ ሒሳብን ሄሳቡ ሲሉ ብንሰማ ደግሞ «ይህ ቋንቋ ግማሹ የኛ ነው» ብለን ተኵራራን። ኵራታችን የቈየው ባለ ሱቁ «ኤልፉ ሁለት» ብሎ ዋጋ እስኪጠራልን ድረስ ነው። እኛ እልፍ 10,000 ነው ብለን ደነገጥን፤ እሱ ግን 1,000 ማለቱ ነበር።

ችግሩ የመጣው በሁለተኛው ማታ በትሪው ላይ ሥጋ በቀረበ ጊዜ ነው። የአገራችን አንባቢ ነገሩን ሳናብራራው ያውቀዋል። ክርስቲያኑ የክርስቲያን፥ እስላሙ የእስላም ሥጋ ሲበላ የኖረበት አገር ልጆች ነን፤ ይህም ከእናታችን ጡት ጋር የገባ ነገር ነው። ትክክል ነው አይደለም የሚለውን ክርክር እዚህ አናነሣም። እኛ ግን ያን ማታ እውነቱን በመናገር ፈንታ ሆዳችንን ይዘን «አሞናል» አልን። ማማ ደነገጡ። ዝንጅብል ያለበት ሻይ አፈሉልን፤ በማግሥቱም ኡጂ የሚባለውን ቀጭን ገንፎ አበጁልን። በሦስተኛው ቀን ሥጋ ሲመጣ ዳግመኛ «አሞናል» አልን፤ ዳግመኛ ኡጂ መጣ። በእንዲህ ዓይነት ሳንታመም አንድ ሳምንት ሙሉ የበሽተኛ ምግብ በላን። ቤቱ በሙሉ ስለ ሆዳችን ይጨነቅ ነበር፤ እኛ ደግሞ በራብ ብዛት ቤቱን ጠላነው።

ሰው አንዱን ነገር ከጠላ ሌላው ሁሉ ይከፋበታል። ከንጋቱ በፊት የሚሰማው የአዛን ድምፅ ከበደን። ልጆቹ መጽሐፋችንን ሲያገላብጡ ተቈጣን። ከመሸ በኋላ ወጥተን ስንመለስ ባባ በሩ ላይ ቁጭ ብለው ሲጠብቁን ብናይ፥ «እኛ እስረኞች ነን ወይ?» ተባባልን። ማታ ማታ ከመኝታችን ተሸሽገን በስልካችን ከአዲስ አበባ ጋር በአማርኛ ስናወራ እናመሽ ነበር። በ9ኛው ቀን ወረቀት አውጥተን፥ ከዚህ ቤት ወጥተን ለብቻችን እንድንከራይ ይፈቀድልን ብለን፥ ምግቡንና ሰዓቱን ጫጫታውንም ዘርዝረን የትምህርቱን ጉዳይ ለሚያስፈጽመው ሰው ሰጠን። ዛሬ በር ላይ ከተለጠፈው ጋር ቢተያይ አንድ ቃል አይለይም።

ሰውዬውም እንደ ደንቡ ለቤቱ ባለቤቶች ነገራቸው። በዚያ ማታ ማማ ከእራት በኋላ ልጆቹን ወደ ውጭ ሰደዱና በፊታችን ተቀምጠው በቀስታ፥ «ምሜኮሳ ኒኒ?» አሉን።

ይህን ቃል እናውቀዋለን ብለን ነበር። አስተማሪያችን በደብተራችን ላይ ስሕተታችንን በቀይ ቀለም እየቈጠረ «ማኮሳ 7»፥ «ማኮሳ 12» ብሎ ይጽፍብን ነበርና፥ ኮሳ ማለት ጥፋት ነው። ስለዚህ ማማ «ምን አጠፋችሁ?» ብለው የጠየቁን መሰለንና ቶሎ ብለን «ሃቱኩኮሳ!» አልን፤ ምንም አላጠፋንም ማለታችን ነው። እሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው፥ «እንግዲያው ስለምን ትሄዳላችሁ?» አሉ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እኛም ነገሩ ሳይገባን አቀርቅረን ወደ መኝታችን ገባን።

በማግሥቱ አስተማሪያችንን ጠየቅነው። የዚህ ቃል ግሥ ሁለት ትርጓሜ አለው አለን፤ ማጥፋትም ነው፥ ማጣትም ነው። ማማ የጠየቁን «በቤቴ ምን አጣችሁ?» ብለው ነበር። እኛም የመለስንላቸው «ምንም አላጣንም» ብለን ነው። እንግዲህ ምንም ያላጣ እንግዳ ጥሎ ከሄደ፥ ባለቤቲቱ የሚቀራቸው አሳብ ራሳቸው ተንቀናል ማለት ብቻ ነው። በሁለቱም ትርጓሜ ብንመረምረው መልሳችን ሐሰት ነበር። አጥተን ነበር፤ አጥፍተንም ነበር።

ያን ዕለት ከትምህርት በኋላ መዝገበ ቃላታችንን ይዘን ማድ ቤት ገባን። አንድ ሰዓት ሙሉ በስብርባሪ ስዋሂሊ እውነቱን ተናገርን፤ በአገራችን እንዲህ የሚባል ልማድ አለ፥ የታመምን ሰዎች አይደለንም፥ ቤቱንም አልናቅንም አልን። ከ9 ቀን ትምህርት ይልቅ በዚያች አንድ ሰዓት ብዙ ቃል አወጣን፤ ግድ ስለ ሆነብን ነው። ማማ እስከ መጨረሻው ሰሙንና መሳቅ ጀመሩ። ቢቢንም ጠርተው ነገሯቸው። ቢቢ ከምንጣፋቸው ሳይነሡ፥ «ታዲያ ዓሣን ማን ያርደዋል?» አሉ። ክርክሩ በዚህ አለቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባሕሩ የሰጠው ዓሣ ሁሉ በኰኰናት ወተት እየተሠራ መጣልን፤ ወረቀታችንንም ሄደን ተቀበልን።

ቈይቶም የፍልሰታ ጾም ገባ። አሁንስ በምን ቋንቋ እናስረዳ ብለን ስንጨነቅ፥ አንዷ ቃል በቃን፤ «ኒሜፉንጋ»፥ ጾሜያለሁ። ግሡ መዝጋትም መጾምም ማለት ነው። ረመዳንን የሚያውቅ ቤት ስለ ጾም ማብራሪያ አይፈልግም። ከሥጋው ይልቅ ጾሙ በቶሎ ገባቸው፤ እንዲያውም ማማ ሁለት ሳምንት ሙሉ ባቄላ በኰኰናት ወተት እየሠሩ ሲያቀርቡልን፥ ስንት ሰዓት እንደምንገድፍ ከኛ ይልቅ የሚጠብቁት እሳቸው ነበሩ። አያቶቻችን በሥጋ ተለያይተው በጾም እንደሚከባበሩ በአገራችን ሰምተን ነበር፤ ማየታችን ግን እዚያ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። አቤቱታው ሦስተኛ ምክንያት አድርጎ «ቋንቋ በጸጥታ ይጠናል» ይላል። ሰዋስው በጸጥታ ይጠናል፤ እውነት ነው። ይህን አስተማሪያችን ከጧቱ 2 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት በሚገባ አስተምሮናል፤ እናመሰግነዋለን። ነገር ግን በመማሪያ ክፍል አንድ ቃል ቢጠፋብን የምናጣው ማርክ ነው። በቤት ውስጥ አንድ ቃል ቢጠፋብን የሚያዝን ሰው አለ። በተከራየ ቤት ስድስት ኢትዮጵያውያን አብረን ብንቀመጥ፥ ስዋሂሊ ባንናገር የሚቀየመን ማነው? ማንም የለም። አማርኛችን ይበቃናል። ቋንቋ የሚለመደው ዝምታችን ሰው በሚያስቀይምበት ቤት ነው። የምንለው ነገር ይህች ብቻ ናት፤ የቀረው ሁሉ ምስክር ነው።

ምስክሩንም እንጨምር። ክፍል ውስጥ ሩዝ ማለት ዋሊ ነው ተብለን ጽፈናል። ማማ በላኩን ጊዜ ሱቅ ገብተን «አንድ ኪሎ ዋሊ ስጠን» አልን። ባለ ሱቁ ሳቀና ወደ ማድ ቤት እንድንመለስ በእጁ አመለከተን። ዋሊ የበሰለው ነው፤ በሱቅ የሚሸጠው ጥሬው ምቼሌ ይባላል፤ በእርሻ ላይ ያለው ደግሞ ምፑንጋ ነው። ከዚያ ወዲያ አልረሳነውም። መጻሕፍት ለማለት «ማኪታቡ» ብለን ስንናገር፥ አስተማሪው በትሕትና ያልፈን ነበር፤ የ6 ዓመቷ የቤቱ ልጅ ግን መሬት ላይ ተንከባልላ ሳቀችና «ቪታቡ! ቪታቡ!» እያለች ሰፈሩን ዞረችበት። ኪታቡ ከዐረብኛ የመጣ ቃል ሲሆን፥ ስዋሂሊ የራሱን ሕግ አልብሶ ብዙውን ቪታቡ አድርጎታል። ይህን ሕግ ከመጽሐፍ ስንት ጊዜ አንብበነው ነበር! ያስያዘችን ግን ልጅቱ ናት። ሕፃን ስሕተትን ይቅር አይልም፤ ስለዚህም ከአስተማሪ ሁሉ ይበልጣል።

በሰባተኛው ሳምንት በጐረቤት አንድ ሽማግሌ ዐረፉ። ባባ መጥተው «ተነሡ» አሉን። ሄደን በቤቱ ደጅ ባለችው ባራዛ በምትባለው የድንጋይ መደብ ላይ ከወንዶቹ ጋር ተቀመጥን። የምንናገረው ቃል አንድ ብቻ ነበር፥ «ፖሌ» የሚል፤ የኛ «እግዜር ያጥናችሁ» ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ዝም ብለን ተቀመጥን። ለቅሶ ቤት መቀመጥን አገራችን አስተምራናለች። በማግሥቱ በመንገድ ስናልፍ፥ እስከዚያ ቀን ቱሪስት ናቸው ብለው በእንግሊዝኛ ሰላም ይሉን የነበሩ ሰዎች ሁሉ በስዋሂሊ ሰላም አሉን። ከዚያ ወዲያ በዚያ መንገድ በእንግሊዝኛ ያናገረን የለም። በኪራይ ቤት ብንኖር ኖሮ ማን ጠርቶ ወደ ለቅሶ ይወስደን ነበር?

የሌሎቹንም ጓደኞቻችንን ታሪክ ሳንሸሽግ እንናገር፤ ሁሉ ነገር አልጋ በአልጋ አልነበረምና። የሐረር ልጅ የሆነው እስላሙ ወዳጃችን የሥጋ ችግር አልነበረበትም፤ የሱ ፈተና ሌላ ነው። ቤተ ሰቡ ልጃችን ነው ብለው ስለ ተቀበሉት፥ በየንጋቱ ለሶላት ይቀሰቅሱት ነበር። በአዲስ አበባ እስከ 2 ሰዓት መተኛት ለለመደ ሰው ይህ ከባድ ፍቅር ነው። ሁለቱ እኅቶቻችን ደግሞ ፀሐይ ስትጠልቅ እንዲገቡ ይታዘዙ ነበር፤ ወንዶቹ ግን ያሻንን ያህል ስናመሽ ባባ ቁጭ ብለው ጠበቁን እንጂ በር አልተዘጋብንም። ይህ ልዩነት እኅቶቻችንን አሳዝኗቸዋል፤ ማዘናቸውም ትክክል ነው። ከቤቶቹም በአንደኛው የቤቱ ወጣት ልጅ እንግሊዝኛ ለመለማመድ ስለ ፈለገ፥ ተማሪዎቻችን ስዋሂሊ ሲጀምሩ እሱ በእንግሊዝኛ ይጨርስባቸው ነበር። እንዲህ ያለውን ቤት «ታገሡ» ብለን አንመክርም።

ከዚህም በላይ ሊታሰብ የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ እሱም ገንዘቡ ነው። ለቤቱ ይከፈልላቸዋል፤ ስለዚህ ውለታ የለብንም የሚል አሳብ ከአንዳንድ ፈራሚዎች ሰምተናል። የሚከፈለው ለምግብና ለአልጋ ነው። ማማ ሌሊት ተነሥተው ያፈሉት ሻይ፥ ባባ በር ላይ ያመሹበት ሰዓት፥ ልጅቱ ያረመችው ቃል በደረሰኝ ላይ አልተጻፉም። ደግሞም የዚህ ሁሉ ድካም የሚወድቀው በሴቶቹ ላይ ነው፤ እንግዳ ሲጨመር ለማማ የሚጨመረው ሥራ እንጂ ዕረፍት አይደለም። በመጀመሪያው ሳምንት ሳህናችንን እንኳ አላነሣንም ነበር። ኋላ ግን ኰኰናት መፈቅፈቅና ከገበያ ዕቃ መሸከም የኛ ሥራ ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ ነው «ካካ» የሚለው ጥሪ ያላሳቀን። እንግዳነት ሲያልቅ ቋንቋው ይጀምራል።

ስለዚህ በአቤቱታው ፈንታ እኛ አራት ነገር እንዲጠየቅ እናቀርባለን። አንደኛ፥ ተማሪው ከመሄዱ በፊት የሚበላውንና የማይበላውን፥ የሚጾምበትንም ጊዜ ጽፎ ለሚቀበሉት ቤተ ሰብ በስዋሂሊ እንዲደርሳቸው። እኛን 9 ቀን ያስራበን የቤቱ ክፋት ሳይሆን የኛ ዝምታ ነው። ሁለተኛ፥ እስከ 2 ሳምንት ታይቶ በእውነት የማይስማማ ቤት ሲሆን፥ ማንም ሳያፍር ወደ ሌላ ቤት የሚዛወርበት ደንብ እንዲኖር፤ ወደ ሌላ ቤት እንጂ ወደ ኪራይ ክፍል አይደለም። ሦስተኛ፥ ለሴት ተማሪዎች ቁልፍ ያለው ክፍል እንዲሰጥና የመግቢያው ሰዓት ከቤተ ሰቡ ጋር በመነጋገር አስቀድሞ እንዲወሰን። አራተኛ፥ ከአንድ ቤት አንድ ኢትዮጵያዊ ብቻ እንዲገባ። ይህን የመጨረሻውን ብዙዎች አይወዱት ይሆናል፤ ነገር ግን ሁለት ሆነን በመግባታችን የጠቀመን መተማማት ብቻ ነው።

ይህ አሳብ የኛ ግኝት እንዳይመስል ወደ ታሪክ ጥቂት እንመልከት። የአማርኛን ሰዋስው በ1698 በአውሮፓ ያሳተመው ሂዮብ ሉዶልፍ ኢትዮጵያን በዓይኑ አላየም። አማርኛን የተማረው ከአገራችን ሰው ከአባ ጎርጎርዮስ ነው፤ አባ ጎርጎርዮስም በ1652 ወደ ጀርመን አገር ወደ ጎታ ተጠርተው በመስፍኑ ቤት ተቀምጠው ነበር። እዚያ አስተማሪው እንግዳው ነበር። ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ ደግሞ ከ1839 ጀምሮ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን በሸዋ ተቀምጦ፥ ኋላ ወደ አገራችን እንዳይመለስ ቢከለከል በ1844 ወደ ዛንዚባርና ወደ ሞምባሳ ወረደ። የስዋሂሊ መዝገበ ቃላቱ ከሞተ በኋላ በ1882 ታትሟል። የነዚህ ሰዎች ዓላማ የየራሳቸው ነው፤ አሁን አንፈርድበትም። ነገር ግን ሰው ቋንቋን የሚያገኘው ከሰው ጋር በመኖር መሆኑን ሥራቸው ያስረዳል።

በመጨረሻም ጥያቄውን ወደራሳችን እንመልሰው። በእንግዳ ተቀባይነት የምንመካ ሕዝብ ነን። ታዲያ አማርኛ ለመማር ወደዚህ ዩኒቨርሲቲ የሚመጣ የውጭ አገር ተማሪ የት ያድራል? በእንግዳ ማረፊያ ያድራል። በመንገድ በአማርኛ «እንደምን ዋላችሁ» ሲለን በምን እንመልስለታለን? በእንግሊዝኛ። እኛ በንጋምቦ እንዲህ ቢደረግብን ኖሮ እስከ ዛሬ ድረስ ከ«ሆዲ» አናልፍም ነበር። ከመካከላችን ስንቶቻችን ነን አንድ እንግዳ ተማሪ ለአንድ ክረምት ቤታችሁ ያሳድራችሁ ብለን ለእናቶቻችን የነገርን? እኛም ራሳችን እስከ ዛሬ አልነገርንም።

ከዚህ የባሰ ደግሞ አለ። በ2020 የሚኒስትሮች ምክር ቤት ኦሮምኛ፥ ትግርኛ፥ ሶማልኛና አፋርኛ ከአማርኛ ጋር የፌዴራል መንግሥት የሥራ ቋንቋ እንዲሆኑ ወስኗል። ይህን ስንከራከርበት ሰዓት አይበቃንም፤ ለመማር ግን ሰዓት የለንም። ወደ ዛንዚባር 2 ወር ሄደን ስዋሂሊ ስንናገር፥ በዶርሚተሪ በላያችን አልጋ ላይ የሚተኛው ልጅ በኦሮምኛ ከእናቱ ጋር በስልክ ሲነጋገር አንዲት ቃል አንሰማም። በ1964 የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪውን ለአንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ይልክ ነበር። ያ ቢቀር እንኳ አንድ ክረምት ከጅማ፥ ከመቀሌ፥ ከጅግጅጋ ወይም ከጐንደር ቤተ ሰብ ጋር ተለዋውጦ ለማሳለፍ ማን ይከለክለናል? ለዚህ ፓስፖርትም ሆነ የአውሮፕላን ቲኬት አያስፈልገንም።

ስለዚህ የተማሪዎች ማኅበር አንድ መዝገብ እንዲከፍት እንጠይቃለን። በዚያ መዝገብ ላይ በአንድ ወገን አማርኛም ሆነ ሌላ የአገራችንን ቋንቋ መማር ለሚፈልግ ተማሪ ቤታቸውን ለመክፈት የፈቀዱ ቤተ ሰቦች፥ በሌላው ወገን ለመሄድ የሚፈልጉ ተማሪዎች ይጻፉ። እኛ ይህን ጽሑፍ ከመስጠታችን በፊት ወደየቤታችን ሄደን ጠይቀናል። የአንደኛችን እናት ለጊዜው ያሉት ነገር፥ «ምን ይበላ ይሆን?» የሚል ነበር። መልካም ጥያቄ ነው፤ ማማም የጠየቁን ይህንኑ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ለጊዜው አልተፈቀደለትም፤ ክርክሩ ግን ገና አላለቀም።

ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፥ በር ላይ ያለውን ወረቀት አትፈርሙ። የፈረማችሁትም እንደኛ ሄዳችሁ ብትቀበሉት ነውር የለበትም። ወደ ዛንዚባር የምትሄዱትም በደረሳችሁ በሁለተኛው ማታ በትሪው ላይ የማትበሉት ነገር ቢመጣ፥ «አሞናል» አትበሉ። እውነቱን ለመናገር የሚበቃ ስዋሂሊ አይኖራችሁም፤ ቢሆንም ተናገሩ። ትምህርቱ ከዚያ ይጀምራል።